ካመማችሁ አቁሙ

ተማሪዎቹ «አስር አለቃ» ይሉት ነበር። ፊት ለፊቱ አይደለም፤ ፊት ለፊቱማ ማን ደፍሮ! ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እሱ ግን ያውቃል። እንዲያውም በሆዱ ደስ ይለው ነበር። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ጠመንጃም ነክቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእጁ ያልለየው ነገር ቢኖር አንድ የመጥረጊያ እንጨት ነው። በእሱ ወለሉን እየደበደበ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!» ሲል፣ ከታች ያለው ፍራሽ ሻጭ ጣሪያው የሚወርድበት ይመስለው ነበር።

የዳንስ አዳራሹ ከፍራሽ መሸጫው በላይ ነበረ። አንዱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ ሌላው ግድግዳ የመደገፊያ ብረት፣ ወለሉ ደግሞ ከስንት እግር መንሸራተት የተነሳ መሃሉ የነጣ ጣውላ። ከዚያ አዳራሽ የወጡ ልጆች ትልልቅ መድረክ ላይ ደርሰዋል። «አስር አለቃ ጋ ነው የተማርኩት» ያለ ዳንሰኛ ብዙም አይፈተንም ይባል ነበር፤ እሱ ጋ የዘለቀ ሰው ሌላ ቦታ የሚያቅተው ነገር የለምና። ነገር ግን ዘመን ተለወጠ። ተማሪው እያደር ሳሳ። የሕንፃው ባለቤትም አዳራሹን ለፍራሽ ማከማቻ ፈለገው። መስታወቱ ሲነቀል አስር አለቃ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ቤቱ ገባና ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

ቤት ውስጥ ያሉት እሱና ባለቤቱ ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተዋወቁትም ለዳንሰኞች የመድረክ ልብስ ስትሰፋ ነው፤ አሁን ዩኒፎርምና መጋረጃ ትሰፋለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሩቅ አገር አልሄደችም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር ትኖራለች። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድላታለች። አባቷን ግን ካናገረችው አሥር ዓመት አልፏታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ሰዎች በስልካቸው ሙያ የሚማሩበት አፕ አለን። ቋንቋ አለበት፣ ስዕል አለበት፣ ስፌትም አለበት። አሁን ዳንስ ልንጨምር ነው። ማን ያስተምርልን ብለን ዳንሰኞችን ስንጠይቅ ሰባቱ የእርስዎን ስም ጠሩልን።»

«ከስንቱ?»

«ከስምንቱ።»

«ስምንተኛው ማነው?»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ስልኩን ዘግቶ ለባለቤቱ ሲነግራት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ቀና ብላ አየችው። «ስልክ ውስጥ ሆነህ በምን እንጨት ልትመታላቸው ነው?» አለችው። እንዲህ ትበል እንጂ ማታውኑ ጥቁሩን ሱሪውን አውጥታ ተኮሰችለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱን ይይዝ የነበረ ሰው ያን ዕለት ዘሎ ሲነሳ አይታዋለችና።

ስቱዲዮው ጓዳ የምታህል ክፍል ናት። ግድግዳዋ በግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል፤ ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር የመደመር ምልክት ተለጥፏል። አንድ ካሜራ ከፊት፣ አንድ ካሜራ ከጎን። የደወለችለት ልጅ ማለት አዘጋጇ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው፤ ማዳመጫዋን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። ሥራውን ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። አርባ ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከአራት ደቂቃ የማይበልጥ። በአንድ ትምህርት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ። ተማሪው ያለው መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ሁለት እርምጃ ቦታ ላይ ማለቅ አለበት።

«ሁለት እርምጃ ላይ ዶሮም አትደንስም» አለ አስር አለቃ።

«ለዚህ እኮ ነው እርስዎን የፈለግነው፣ ጋሼ» አለች አዘጋጇ፣ ሳትቀየም።

የመጀመሪያው ሣምንት ያለፈው በቀኝና በግራ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መስታወቱ፣ ጀርባውን ለተማሪው ሰጥቶ ነበር የሚያስተምረው፤ የሱ ቀኝ የተማሪውም ቀኝ ነው። እዚህ ግን ተማሪው የሚያየው ፊቱን ነው፤ እንደ መስታወት። «ቀኝ» እያለ ግራውን ማንሳት አለበት። አንዴ ቀኝ ብሎ ቀኙን ያነሳል፣ አንዴ ግራ ብሎ ሁለቱንም ሊያነሳ ይቃጣዋል። «በስተርጅና ቀኝና ግራዬን ልማር!» ብሎ ይነጫነጫል። ካሜራማኑ ፊቱን ከካሜራው ጀርባ ደብቆ ሳቁን ይውጣል። በአራተኛው ቀን ግን ለመደው፤ ቀልጠፍም አለ። ሥራ ያወቀ ሰውነት ቶሎ ይማራል።

ችግሩ የመጣው ከአፉ ነው።

ሦስት ትምህርት እንዳለቀ ለሙከራ ለመቶ ሰዎች ተላከ። በማግስቱ አዘጋጇ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር አለ። ከግራ ጀምሮ ደልደል ብሎ ይመጣና መሃል ላይ ሲደርስ ገደል እንደገባ በግ ቁልቁል ይወርዳል።

«ይህ መስመር ትምህርቱን የሚያዩት ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ። እዚህ ጋ ሲደርሱ ስልሳው ዘጉት።»

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

ነካችው። የራሱ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ወጣ። «አይ! አይ! አይ! እንደሱ አይደለም! ምን ሆናችሁ? እንደገና!»

«ማንን ነው እንዲህ የሚሉት?» አለች አዘጋጇ በቀስታ። «ገና ማንም እኮ አልተሳሳተም።»

«ይሳሳታሉ። አውቃቸዋለሁ።»

እንዲህ ብሎ መለሰ እንጂ ክው ብሎ ነበር። በሕይወቱ የራሱን ድምፅ እንዲህ ተቀምጦ፣ ከሰው እኩል ሰምቶት አያውቅም። እሱ ያ ድምፅ «በርቱ» የሚል ይመስለው ነበር። አሁን ሲሰማው ከውሻ ጩኸት የሚለየው ቁጥር መቁጠሩ ብቻ ነው። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። «በቃ ዝጊው» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፊት ካሜራው አጠገብ የሚነበብ ጽሑፍ ቆመለት። የአፑ አማካሪ የሆነ የአጥንትና የጅማት ሐኪም የጻፈው ነው፤ ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊት መባል አለበት። አጭር ነው። «ካመማችሁ አቁሙ። ማረፍም ልምምድ ነው።»

አስር አለቃ ምልክቱ ላይ ቆመ። ካሜራማኑ ጣቱን አነሳ። «ካመ…» አለና አሳለው። ውሃ ጠጣ። «ካመማችሁ…» ብሎ ቆመ። ሦስተኛ ሞከረ። አራተኛ። በአምስተኛው ላይ «ይቅርታ» ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ካሜራማኑ አዘጋጇን አያት። እሷም ትከሻዋን ሰበቀች። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ነገሩ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነው። ልጁን በሕፃንነቷ «ፌንጣ» ይላት ነበር፤ በወጉ መራመድ ሳትችል መዝለል የጀመረች ልጅ ነበረች። አራት ዓመት ሲሆናት አዳራሽ ይዟት መምጣት ጀመረ። አሥር ዓመት ሲሆናት ከትልልቆቹ ጋር ቆመች። ልጁ ስለሆነች ለሌላው አንዴ የሚጮኸውን ለእሷ ሦስቴ ይጮኻል፤ አዳላ እንዳይባል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ትልቅ መድረክ ላይ ብቻዋን እንድትደንስ ተመረጠች። ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ጠዋት ልምምድ ላይ ቆም አለችና «አባዬ፣ አመመኝ» አለችው።

እሱም እንጨቱን ወለሉ ላይ አጮኸው። በሃያ ተማሪ ፊት «ሕመም የሰነፍ ሰበብ ነው» አላት። «እንደገና!»

ዘለለች። ስታርፍ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ሙዚቃው እንኳ አልሸፈነውም። ጉልበቷ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ፤ የተበጠሰው ጅማት ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሆስፒታል ገብቶ፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ ምን ይላት? እንባው ዓይኑ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ፍቅሩንም ድንጋጤውንም የሚያወጣበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበረው «ስታርፊ ጉልበትሽን አላጠፍሽም እኮ» አላት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖሩ፤ ከአፏ የሚወጣው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል ድሮም ይሰማ ነበር። እሱ ግን በገዛ ቤቱ አየው።

ያን ዕለት በጊዜ ወደ ቤት ተመለሰ። ባለቤቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መጋረጃ ትሰፋለች። ጽሑፉን የያዘውን ወረቀት ጨርቁ ላይ አስቀመጠላት።

«ዛሬ ይቺን መናገር አቃተኝ» አላት።

መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው። እግሯ ከመኪናው ፔዳል ላይ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ያን ዕለት ጠዋት ጉልበቷን ያሰርኩላት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እብጠቱን ሳየው ‹ዛሬ አትሂጂ› ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተን ፈራሁና አጥብቄ አሰርኩላት። እኔም አለሁበት። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንተ ብቻ እንዳጠፋህ አድርጌ ዝም አልኩ። እንዲያ ሲሆን ይቀለኛል።»

እሷ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው። መጋረጃው ላይ ጠብ ጠብ አለ። እሱም ሊያጽናናት እጁን ሰደደና ትከሻዋ ጋ ሳይደርስ መለሰው። ሰው እንዴት እንደሚጽናና አልለመደም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ተናገራት። ለኛ ልጅ ባትደርስ ለሰው ልጅ ትደርሳለች።»

በማግስቱ ስቱዲዮ ሄደና ተናገራት። የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ተጎትተው ነው፤ አዘጋጇ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ አስቀዳችው። «ጋሼ፣ ሲሉት የሚያስፈራሩ ይመስላል» ትለዋለች። «ካመማችሁ አቁሙ፣ አለበለዚያ ዋ! የሚሉ ነው የሚመስለው።» እሱም ሳይወድ ሳቀ።

ዘጠነኛው ትምህርት ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ከጎኑ አንድ እውነተኛ ጀማሪ ቆሞ እንዲለማመድ ተፈልጎ የሕንፃዋ ጽዳት ሠራተኛ ተጠራች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ተጫዋች ሴት ናት። «እኔ እኮ ከመወልወያ ጋር ስደንስ ነው የኖርኩት» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ትምህርቱ ወገብን ይዞ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ግማሽ ድረስ ወረደችና ፊቷ ተጨማደደ።

«አመመኝ» አለች።

ካሜራዎቹ እየቀዱ ነው። አስር አለቃ ቆሞ ቀረ። ቀኝ እጁ እንጨቱን ሲፈልግ ተሰማው፤ እንጨቱ ግን የለም። ከዚያ ጎንበስ አለና ክንዷን ያዘ። «ተቀመጪ፣ እህቴ» አላት። «ተቀመጪ፤ ጥሩ አድርገሻል። አመመኝ ማለትሽ ጥሩ ነው። አይዞሽ።» ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ፊቱን ወደ ስፖንጁ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትየዋ ግራ ገብቷት «ኧረ ያን ያህል እንኳ አላመመኝም፣ ጋሼ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ በራሱ ይወጣ ጀመር። አርባ ትምህርት፣ አርባ ጊዜ። ድምፁም ለወጥ አለ፤ ጠንከር ያለው እንዳለ ሆኖ ከሥሩ አንድ ነገር የተቀመጠበት ድምፅ ሆነ። አፑ ላይ ሲለቀቅ ሰዉ ወደደው። ሰማያዊው መስመር እስከ መጨረሻው ደልደል ብሎ ሄደ። መልእክት ይጎርፍ ጀመር። የታመሙ፣ ያረጁ፣ በልጅነታቸው «አንተ አትችልም» የተባሉ ሰዎች ይጽፉለታል። አንዱ «እንዳንተ ያለ አባት ቢኖረኝ» ብሎ ጻፈ። አዘጋጇ ደስ ይለዋል ብላ ጮክ ብላ አነበበችለት። አስር አለቃ «እሱን አጥፊው» አላት።

ወዲያውም ሌላ ሥራ መጣ። ከስምንት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ስልሳ ትምህርት። «ይህን ከእርስዎ ሌላ ማንም አይሠራውም» አለችው አዘጋጇ። እሱም የሳምንት ጊዜ ጠየቀ። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

«እስቲ ቅዳሜ ስትሄጂ ንገሪያት» አላት ባለቤቱን። «ትምህርቶቹን እንድታያቸው ንገሪያት።»

«እግር የለህም?» አለችው። «አሥር ዓመት በኔ እግር ሄድክ። አሁንስ በራስህ ሂድ።»

ልጁ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ማክሰኞ ቀን፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ በአውቶቡስ ሄደ። በሩን ሲገፋ ደወሏ ጮኸች። ልጅቱ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ ሌንስ ትወለውላለች።

«እንኳን ደህና መጡ፤ ምን ልርዳዎት?» አለች ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና አለች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግንባሯ ላይ፣ እናቷ ያላት ዓይነት ቀጭን መስመር ወጥቷል። ያወቀው ፊት ነው፤ ያላወቀው ፊትም ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አየሁ» አለች። ተነሳችና «ወደ ውስጥ ይግቡ» ብላ ዓይን ወደሚለካበት ክፍል መራችው። ከኋላዋ ሄደ። አካሄዷን አየ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው እርምጃ ሲያነብ የኖረ ዓይን ነው፤ የማያየው የለም። ቀኝ እግሯ አይታጠፍም፤ ከዳሌዋ አንስታ ነው የምትወረውረው። ግራ ትከሻዋ ያን ለመሸከም ዝቅ ብሏል፤ ወገቧም ከዓመታት በኋላ እንደሚያማት ያውቃል። እናቷ በየቅዳሜው «ደህና ናት» ብላ የምትመልስለት ሁሉ ይኸው እፊቱ ይሄዳል።

ተቀመጡ። «እርስዎ» ስትለው ገና አልለመደውም። ድሮ «አንተ» ነበር የምትለው፤ ስታኮርፍ እንኳ «አንተ አባዬ» ነበር።

«ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ላይ ትለማመዳለች» አለች ልጅቱ። «ድምፅዎን የሰማሁት ከዚያ ከጓዳ ነው። የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ደግሞ የሚሉትን ሰማሁት። ቤቴ ሄጄ ሁሉንም አየሁ። አርባውንም።»

«አየሻቸው?»

«ጥሩ አስተማሪ ሆነዋል።»

ያ ንግግር እንደ ምስጋና አልወረደለትም። ልጅቱ መሐረቧን ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠመጠመች።

«ለማያውቁህ ሰዎች ተማርካት» አለች በድንገት፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አርባ ጊዜ አልካት። ለኔ አርባ ጊዜ ምን ያደርግልኛል? አንዴ ነበር የምፈልገው፣ አባዬ። አንዴ ብቻ። እዚያች ጠዋት ላይ።»

አስር አለቃ አውቶቡስ ላይ እያሰበ የመጣው ንግግር ነበረው። ሁሉም በነነ።

«አጠፋሁ» አለ። «ምክንያት የለኝም። ሰበብም የለኝም። አጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች። ተረጋጋች። ስትረጋጋ «እርስዎ»ው ተመለሰ።

«ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት አያውቁም። የሰማሁ ዕለት ልቤ የሚፈታልኝ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ሰማሁት፤ አልተፈታም። ምን ላድርግ? አልጠላዎትም። ግን ‹እሺ› ብዬ ከአፌ አውጥቼ ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«አትዋሺ» አላት።

እሱም ምናልባት ትንሽ ደስ ቢላት ብሎ፣ ስለ አዲሱ ሥራ ነገራት። ለልጆች እንዳዘጋጅ ጠይቀውኛል አለ። ከስምንት እስከ አሥራ ሰባት አለ። «አሥራ ሰባት» ሲል ራሱን ሰማው፤ ግን ወጥቷል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የልጅቱ ፊት ጠወለገ። «አይሥሩት» አለች።

«እኔ እኮ እንደድሮው አይደለሁም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። አይቻለሁ። ልጆቹን እንደማይጎዱም አውቃለሁ። እኔ ግን… ልጆች ድምፅዎን እየሰሙ ሲዘሉ እያሰብኩ መኖር አልችልም። ልክ ላልሆን እችላለሁ። ብቻ እለምንዎታለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም ጠይቄዎት አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ምንም ጠይቃው አታውቅም። አንዴ ዕረፍት ጠይቃው ነበር።

«እሺ» አላት።

የበሩ ደወል ጮኸ፤ ደንበኛ ገባ። ልጅቱ ተነስታ ልብሷን አስተካከለች። «እንዳይመሽብዎት» አለችው፤ ገና ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር።

አዘጋጇ መልሱን ስትሰማ የሚቀልድ መሰላት። «ምን አጠፋን? ሰዓቱ ነው? ክፍሏ ጠበበችብዎት?» እያለች ጠየቀችው። እሱም ደረጃው ላይ፣ ያኔ በተቀመጠበት ቦታ አጠገቧ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። እንጨቱንም፣ ሆስፒታሉንም፣ መነጽር ቤቱንም አልደበቀም። ልጅቷ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ድምፅዎ ባይኖርበትስ?» አለች ቆይታ። «እርስዎ ጽሑፉን ቢያዘጋጁና ሌላ ሰው ቢያነበው? ልጅዎ አታውቅም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ» አላት። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። በሕይወቴ ለሷ የምጠብቅላት አንድ ቃል ቢኖር ይቺ ናት።»

ሥራው ከቀድሞ ተማሪዎቹ ለአንዷ ተሰጠ። ደውላ ይመርቁኝ አለችው፤ መረቃት። አርባዎቹ ትምህርቶች አሁንም አፑ ላይ አሉ፤ ሰዉም ይማርባቸዋል። ከተማው ውስጥ አንዳንዴ የማያውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ አቁመው እጁን ይጨብጡታል። እሱ አንገቱን ደፋ አድርጎ ያመሰግናል፤ ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ መጋረጃ ያጥፋል፤ ቁልፍ መትከልም ተምሯል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቱን እስከ ልጁ ሰፈር ድረስ ይሸኛታል። ቦርሳዋን ይዞላት ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ እሷ ትሄዳለች፤ እሱ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ የልጁ መስኮት ይታያል። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ሰዉ አውቶቡስ የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድና እሱ ሳይነቃነቅ ሲቀር ዞር ብሎ የሚያየውም አለ።

በዝናቡ ወራት አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ዣንጥላዋን ዘርግታ መጣችና አጠገቡ ቆመች። እሱ ግማሽ ጎኑ ርሷል።

«በመስኮት አየችህ» አለችው።

«ምን አለች?»

«ልጥራው ወይ አልኳት።» ባለቤቱ ዣንጥላውን ወደ እሱ አዘነበለች። «ብዙ ቆመች። መጋረጃውን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ‹ይቅር፣ እማዬ› አለች።»

አስር አለቃ አውቶቡሱ ሲመጣ እጇን ይዞ አሳፈራት፤ የተገኘው አንድ ወንበር ነበርና እሷን አስቀመጣት። እሱ ብረቱን ይዞ ቆመ። ባለቤቱ እንዲቀመጥ እጅጌውን ጎተት አደረገችው።

«አንቺ ተቀመጪ» አላት። «እኔ ምንም አልሆን።»